መድን የሌለው ማን ነው? ድጋፍ የሚገባውስ?

  

የየቲሞችን ወጪ የምትሸፍኑ ወንድሞችና እህቶች ደጋግማችሁ ያነሳችሁልን አንድ ጉዳይ አለ። ከፊላችሁ «መንግሥት ለድሆች የጤና መድን መዋጮ የሚከፍል ከሆነ የእኛ ዘካ ለምን ለሕክምና ይውላል? ለቀለብና ለትምህርት ቢሆን አይሻልም ወይ?» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «የመድን ካርድ የሌለው የቲም ሁሉ ተቆጥሮ መዋጮውን ማኅበሩ ይክፈልለት» ብላችኋል። ሁለቱም ሐሳቦች ከቅን ልቦና የመነጩ ለመሆናቸው አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ቆጥረዋቸዋል። መድን የሌለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ድጋፍ የሚገባው ማን እንደሆነ መጠየቅ ሌላ ነው። እኛም ራሳችን ይህን ሳንለይ ቀርተን በአንዲት እናት ቤት ላይ ያደረስነውን ጉዳት ዝቅ ብለን እንናገራለን።

በከተማ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ፣ ልጆቹም ሲታመሙ በግል ክሊኒክ የሚያሳክም ሰው የመድን ካርድ ላይኖረው ይችላል። በመዝገብ ከተቆጠረ መድን ከሌላቸው ወገን ይመደባል፤ ችግረኛ ግን አይደለም። በአንጻሩ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘች እናት መድን አላት። ነገር ግን ከገጠር ቀበሌዋ ወደ ሆስፒታል የምትሳፈርበት ገንዘብ የላትም። ጤና ጣቢያው «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ግዢ» ሲላትም ወረቀቱን ይዛ ወደ ቤቷ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የላትም። ይህችን እናት «መድን አላት» ብሎ ከዝርዝር መሰረዝ ትልቅ ስሕተት ነው።

መድኑ እንዴት ይሠራል?

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነበር። ከዚያም በየዓመቱ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየሰፋ ሄደ። የታሰበውም ወርኃዊ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው፤ ለገበሬው፣ ለጉልት ነጋዴዋ፣ ለቀን ሠራተኛው። (ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢደነገግም አዋጁ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል።)

አባልነቱ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ቤት የታመመውን ብቻ እየመረጠ ቢያስመዘግብ መዋጮው የሕሙማን ብቻ ይሆንና ገንዘቡ ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ምዝገባውም በዓመት ውስጥ የተወሰነ ወቅት አለው፤ በብዙ ቦታ ገበሬው እህሉን ከሰበሰበ በኋላ ነው። እንግዲህ መድን በሽታ ከመጣ በኋላ ሮጠው የሚገዙት ነገር አይደለም ማለት ነው። ጤነኛ በሆኑበት ወራት ያልከፈለ ሰው በታመመበት ወር ከሙሉው የሕክምና ዋጋ ጋር ይፋጠጣል።

መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። እነርሱን የሚለየው የቀበሌው አካል ነው። አንባብያን ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በሙከራው ዘመን በዚህ መንገድ የሚታቀፉት ቤተሰቦች ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ወሰኑን የሚያበጀው የድሆች ቁጥር አይደለም፤ የበጀቱ መጠን ነው። ከ100 ቤት 25ቱ መክፈል የማይችሉ ቢሆኑ 10ሩ ይመረጣሉ፤ 15ቱ ደግሞ በወረቀት «መክፈል የሚችሉ» ሆነው ያድራሉ። ቀበሌውን ለመውቀስ አይደለም ይህን ማለታችን። የተሰጠውን ቁጥር ለድሆች ሲያከፋፍል ከሁለት ችግረኛ አንዱን መተው ግዴታው ይሆናል። እኛ ግን ቀበሌው የተዋቸውን ሁሉ የማይቸገሩ አድርገን ማየታችን የራሳችን ጥፋት ነው።

ለሁሉም በነጻ የሚሰጡ አገልግሎቶች እንዳሉም ማወቅ ይገባል። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተደንግጓል፤ ካርድ ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ለእነዚህ ተብሎ ከማኅበሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አስቀድሞ ይጣራ። በሌላ በኩል መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመድኑ ሽፋን ውጪ እንዲሆኑ ተደርገው ነው የተጀመረው። ሰሌዳውን ማየት ተስኖት ከክፍል ወደ ኋላ የሚቀር የቲም ካርድ ቢኖረውም መነጽሩን የሚገዛለት ሰው ያስፈልገዋል።

የላሚቱ ነገር

አሁን ወደ ተናገርነው ጉዳይ እንመለስ። ማኅበራችን በሚሠራበት አንድ የገጠር ወረዳ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ እናት አለች። ከልጆቹ ሁለቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት ናቸው። ቀበሌው መክፈል የማይችሉትን ሲለይ የእርሷ ስም ተነሥቶ ነበር። «ላም አላት» ተባለና ታለፈች። የራሷን መዋጮ እንዳትከፍል ደግሞ በእጇ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ የወተቱ ሽያጭ ለጨውና ለሳሙና ነበር የሚውለው። ወደ እኛ ስትመጣ እኛ የጠየቅናት የቀበሌውን የድህነት ማረጋገጫ ነበር። ማረጋገጫውን ከየት ታምጣ? ፋይሏ ተዘጋ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የስምንት ዓመቱን ልጇን ሆዱን አመመው። ካርድ የላትምና ገንዘብ እስክትበደር ሦስት ቀን ቆየች። ሆስፒታል ስትደርስ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ አልሐምዱሊላህ ልጁ ተረፈ። ለቀዶ ጥገናው፣ ለመድኃኒቱና ለአልጋው የተበደረችውን ለመክፈል ግን ላሚቱ ተሸጠች። ላም አላት ተብላ ከመድን የቀረች እናት መድን ስላልነበራት ላም የሌላት ሆነች።

ሠራተኞቻችን ቤቷ ሄደው ሲያነጋግሯት የነገረቻቸው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ልጆቼ፣ ላም አለሽ ብላችሁ መለሳችሁኝ፤ የማን ላም እንደሆነች ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።» ላሚቱ ከሟቹ አባት የተረፈች ውርስ ነበረች። ሟቹ ልጆች ስላሉት የሚስቱ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፤ ወላጆቹም ቀድመውት ስለሞቱ የቀረው ሰባት እጅ የሦስቱ ልጆች ሐቅ ነው። ለአንዱ ልጅ ሕክምና የሁለቱ ወንድምና እህት ድርሻ አብሮ ተሸጠ። እናቲቱ ይህን በሚገባ ታውቃለች፤ የልጆቿን ሐቅ እንደ ዕዳ ቆጥራ ለመመለስ ታስባለች። እኛ በአንድ ወረቀት እጦት የሰረዝነው ስም የየቲሞች ገንዘብ የሚጠፋበት ምክንያት ሆነ።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ክርክር በደንብ ታውቁታላችሁ። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በዚያች አገር ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው መድን እንደሌለው በየዓመቱ ይነገር ነበር። ቁጥሩ በተነገረ ቁጥር ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «ከዚህ ውስጥ መግዛት እየቻለ ያልገዛውን ቀንሱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ላለው የድሆች መድን ለሜዲኬይድ ብቁ ሆኖ ያልተመዘገበውን ቀንሱ፤ ዜጋ ያልሆነውንም ቀንሱ» እያለ ቁጥሩን ያሳንሳል። ሌላው ወገን «የቀነስከው ሰው ሲታመም ማን ያክመዋል?» ይላል። በዚህ ክርክር ውስጥ ትክክለኛ ነገር ሁለቱም ጋር ነበር። መድን የሌለው ሁሉ ድሃ አለመሆኑ እውነት ነው። ብቁ ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቋንቋው፣ ቅጹ ወይም ፍርሃቱ ያስቀረው ችግረኛ ነውና ከድምሩ ስለተቀነሰ ችግሩ አይቀነስለትም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በተለምዶ ኦባማኬር የተባለው ሕግ ሲወጣ ለድሆች ሜዲኬይድን ማስፋት፣ ከዚያ በላይ ገቢ ላላቸው ደግሞ የመድን መግዣ ድጎማ መስጠት ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜዲኬይድን ማስፋት ለእያንዳንዱ ግዛት ምርጫ እንዲሆን ወሰነ። እስከ 2024 መጨረሻ 10 ግዛቶች አላሰፉም ነበር፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቴክሳስና ጆርጂያ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ድጎማው የተነደፈው ከድህነት ወለል በላይ ላሉት ስለነበረ በእነዚህ ግዛቶች ያሉ ብዙ ለአቅመ አዳም የደረሱ ድሆች በመካከሉ ወደቁ። ሕጉ ለእነርሱ ያሰበው ሜዲኬይድን ነበር፤ ግዛታቸው ደግሞ አልሰጣቸውም። በዳላስ ወይም በአትላንታ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሥራ የምታገኝ እናት ከእርሷ የተሻለ ገቢ ያለው ጎረቤቷ ሲደጎም እርሷ ያለ መድን የምትቀርበት ሁኔታ ተፈጠረ። ገንዘቡና አገሩ ቢለያይም የላሚቱን እናት ያየ ሰው ይህን ክፍተት ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት መስመሮች ሲሰመሩ በመካከላቸው የሚቆም ሰው አለ።

ዑለማዎች ድሃን እንዴት ለዩት?

ቁርኣን በሱረቱ አት-ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር ፈቂርንና ሚስኪንን ለየብቻ ጠቅሷል። ዑለማዎች በሁለቱ ልዩነት ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። በሐነፊያ መዝሀብ ፈቂር ማለት ያለው ነገር ኒሷብ የማይሞላ ሰው ሲሆን ሚስኪን ደግሞ ምንም የሌለው ነው። በሻፊዒያ መዝሀብ ግን ፈቂር ይብሳል። ለፍላጎቱ 10 የሚያስፈልገው ሆኖ ሦስት ብቻ የሚያገኝ ሰው ፈቂር ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት የሚያገኝ ደግሞ ሚስኪን ነው። ሁለቱም ዘካ ይገባቸዋል። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ተከታይ ስላላቸው ለማኅበራችን ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልገዋል።

ሻፊዒዮች ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ለርእሰ ጉዳያችን እጅግ የቀረበ ነው። በሱረቱል ከህፍ አንቀጽ 79 በባሕር ላይ የሚሠሩ የመርከብ ባለቤቶች ሚስኪኖች ተብለዋል። መርከብ አላቸው፤ ሆኖም ሚስኪኖች ናቸው። መርከቢቱ የዕለት እንጀራቸው እንጂ ትርፍ ሀብታቸው አልነበረችም። መርከብ ያለው ሚስኪን ከተባለ ባለ አንድ ላሟን እናት በምን ሒሳብ ሀብታም እንላታለን? በዚህ አስተያየት መለኪያው «ምን አላት?» ሳይሆን «ያላት ነገር ለፍላጎቷ ይበቃልን?» የሚለው ነው። በሽታ ደግሞ ፍላጎትን በአንድ ሌሊት ይለውጣል። ትናንት ከ10 ስምንት የነበራት ቤት ዛሬ ልጅ ቢታመም 50 ያስፈልጋታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚስኪን ማለት አንድና ሁለት ጉርሻ እየተሰጠው ከበር በር የሚዞረው ሳይሆን የሚበቃውን የማያገኝ፣ ሁኔታው ታውቆለት የማይመጸወት፣ ሰውንም የማይለምን መሆኑን ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህ ሐዲስ ለእኛ ሥራ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። የእኛ አሠራር ወደ ቢሯችን የመጣውን፣ ቅጽ የሞላውን፣ ማረጋገጫ ያመጣውን ብቻ የሚያይ ነበር። ሐዲሱ የሚነግረን ሰው ግን ወደ ቢሮ አይመጣም።

«ታዲያ ያለ ማረጋገጫ እንዴት ይሰጣል? አማናስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የቀቢሷ ሐዲስ መልስ አለው። መጠየቅ ከተፈቀደላቸው ሰዎች አንዱ ችግር የደረሰበት ሰው ሲሆን ከወገኖቹ መካከል ልባም የሆኑ ሦስት ሰዎች በእርግጥ ችግር እንዳገኘው ይመሰክሩለታል። ምስክሮቹ ከወገኖቹ መሆናቸውን ልብ በሉ። የቤቱን ምጣድ መቼ እንደተጣደና መቼ እንዳልተጣደ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የላሚቱን ባለቤት ማንነት ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር።

ይህን ርእስ ስናነሣ «መድን ራሱ ሐላል ነው ወይ?» የሚሉን አሉ። ጄዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ለትርፍ የሚሠራውን የንግድ ኢንሹራንስ ሲከለክል በመተባበር ላይ የተመሠረተውን ፈቅዷል። ማኅበረሰብ አቀፉ ጤና መድን አትራፊ ባለአክሲዮን የሌለው፣ የአንዱ መዋጮ ለሌላው ሕክምና የሚውልበት በመሆኑ ወደ መተባበሩ የቀረበ ነው ብለን እናያለን። አሽዐሪዮች ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ አከማችተው እኩል ይካፈሉ እንደነበርና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳወደሷቸው እናስታውሳለን። እድራችንም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ እድር በአብዛኛው ሰው ከሞተ በኋላ መድረሱ ነው።

ከየቲሞች አንጻር

የቲም መሆን ብቻውን ዘካ አያስገኝም። ከስምንቱ ወገኖች መካከል «የቲም» የሚል የለም፤ የቲሙ የሚገባው ፈቂር ወይም ሚስኪን ከሆነ ነው። አባቱ በቂ ቤትና ንብረት ትቶለት የሞተ ልጅ ፍቅርና ጥበቃ እንጂ ዘካ አያስፈልገውም። ስለዚህ «ካርድ የሌለው የቲም ሁሉ ይከፈልለት» የሚለውን ሐሳብ በዘካ ገንዘብ ልንፈጽመው አንችልም። በሶደቃ ግን በሩ ሰፊ ነው።

ሌላው ችግር መዝገብ ላይ ያለው ነው። የቲም ብዙ ጊዜ ከአያቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ይኖራል። አጎትየው መዋጮውን ከፍሎ የልጁ ስም በቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ልጁ ሲታመም ካርዱ አያገለግለውም። ያ ቤት «መድን ያለው» ተብሎ ተቆጥሯል፤ የቲሙ ግን የለውም። ካየናቸው ቤቶች በጥቂቱ እንዲህ ያለ ነገር ስላጋጠመን አሁን የምንጠይቀው ካርድ አለ ወይ ብለን ሳይሆን የልጁ ስም ተጽፏል ወይ ብለን ነው።

ከዚህ በመነሣት አሠራራችንን እንደሚከተለው ለውጠናል። ቀበሌው ለመረጣቸው ቤተሰቦች መዋጮ አንከፍልም፤ የትራንስፖርትና ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ወጪያቸውን ግን እናያለን። ቀበሌው ላለፋቸውና መዋጮውን ለማይችሉ የየቲም ቤተሰቦች ሦስት ምስክር እንጠይቃለን፤ የመስጊዱ ኢማም፣ የእድሩ ሰው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ደጅ ለደጅ የምትኖር ሴት ጎረቤት ናት። የዚህችኛዋ ምስክርነት ከሁለቱ ወንዶች ይልቅ ብዙ ጊዜ ጠቅሞናል። ፈቂር ወይም ሚስኪን ሆነው ለተገኙት መዋጮው ከዘካ ይከፈላል። በሐነፊያ መዝሀብ ዘካ በተቀባዩ እጅ መግባት ስላለበት አሳዳጊው ገንዘቡን ተረክቦ እንድንከፍልለት ይወክለናል፤ ውክልናውም በጽሑፍ ይያዛል። ከዚያ በላይ ሆነው ለጊዜው ለተቸገሩት ከሶደቃው ሣጥን ይሰጣል። ለጋሾች ገንዘብ ስትሰጡ ዘካ ይሁን ሶደቃ እንድትነግሩን አጥብቀን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

አሳዳጊዎችም ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት የቤተሰባችሁን ዝርዝር ይዛችሁ ኑ። ከእናንተ ጋር የሚኖረው የቲም ስሙ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። ስትታከሙ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል የሚልካችሁን ወረቀት ሳትይዙ አትሂዱ። መድኃኒት ከውጭ ከገዛችሁ ደረሰኙን አትጣሉ።

የላሚቱ እናት ቤት አሁን ተመዝግቧል፤ ካርዱም ወጥቷል፤ የሦስቱም ልጆች ስም ተጽፎበታል። የተሸጠችው ላም ግን አልተተካችም። የሁለቱን ልጆች ድርሻ የተሸጠችበትን ዋጋ መሠረት አድርገን በመዝገባችን በስማቸው ጽፈነዋል፤ ከሶደቃው ሣጥን የሚሰበሰበውም ጥጃ ያላት ላም እስኪገዛ ድረስ በዚያው ስም ይቀመጣል።